የጾሙም የሚዛኑም ሕግ አንድ ነው

ሑዳዴ ሲገባ መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለችው ሱቄ ጥያቄ ይበዛል። የምሸጠው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ከዚያም ጎን ለጎን ዘይትና ፓስታ ነው። «ጋሼ፣ ፓስታው ዕንቁላል አለበት?» ትለኛለች አንዷ። ሌላዋ የብስኩቱን ማሸጊያ ታቀብለኝና ወተት ይኑረው አይኑረው እንዳነብላት ትጠይቀኛለች። አንዲት እናት ደግሞ ሽሮው ሲሰናዳ ቅቤ እንዳልነካው ደጋግመው ሳያረጋግጡ ገንዘባቸውን ከመቀነታቸው አይፈቱም።

እነዚህን ጥያቄዎች እወዳቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ረቡዕና ዓርብ ተደምረው ለምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናሉ። ያንን ሁሉ ቀን ማንም ሳይቆጣጠረው፣ ማንም ሳይቀጣው፣ በገዛ ፈቃዱ ከሥጋና ከወተት የሚታቀብ ሕዝብ ትልቅ ሀብት አለው። ሕግ ማክበርን ከእናቱ ጓዳ ተምሯል ማለት ነው።

ልቤን የሚከነክነው ሌላ ነገር ነው። ሚዛኔን የሚጠራጠር ደንበኛ አለ፤ ዋጋ የሚከራከርም ሞልቷል። «ኪሎ መቀሸብ ጾም ያስፈርሳል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። «በርበሬው ውስጥ ባዕድ ነገር ከቀላቀልኩ መቁረብ እችላለሁ?» ብሎ የንስሐ አባቱን የጠየቀ ነጋዴም አላጋጠመኝም። የምግቡን ሕግ የሃይማኖት ጉዳይ አድርገን ይዘነዋል፤ የሚዛኑን ሕግ ለንግድ ቢሮና ለፖሊስ ትተነዋል። አባቶቻችን ግን እንዲህ አላስተማሩንም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ይህንን ለማስረዳት ነው።

ከአንድ ጉባኤ የወጣ ትምህርት

ከመርካቶ በፊት ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቅኔ ቤት ደርሻለሁ። ቅኔው ካለቀ በኋላ ማታ ማታ የመጻሕፍቱ ጉባኤ ሲዘረጋ ከትልልቆቹ ደቀ መዛሙርት ኋላ ቁጭ ብዬ አዳምጥ ነበር። የኔታ በሊቃውንት ጉባኤ ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን ይተረጉሙና በዚያው ወንበር የሕጉን መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትን ይቀጥላሉ። ስለ ምሥጢረ ሥላሴና ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የሚያስተምረው አንደበት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስና ስለ አደራ ያስተምራል። ያኔ ልጅ ነበርኩና አልገረመኝም። ዛሬ በገበያ መካከል ሆኜ ሳስበው ግን የአባቶቻችን ጥበብ ሁሉ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። እውነተኛው ትምህርትና ሕጉ ከአንድ ወንበር የሚወጡ ነበሩ።

ለአንባቢ አንድ ነገር ላብራራ። በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በአንድ ላይ «ሕግ» እያለ የሚጠራቸው ነገሮች ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው ዶግማ ነው፤ እግዚአብሔር አንድም ሦስትም መሆኑን፣ ወልድ ሰው መሆኑን፣ የሙታንን ትንሣኤ የመሳሰለ። ይህ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ሁለተኛው ቀኖና ነው፤ ጾሙ በስንት ሰዓት ይፈታል፣ ማን ይቀድሳል፣ ንስሐ እንዴት ይሰጣል የሚለው ሥርዓት ነው። ይህን አባቶች በጉባኤ ይወስኑታል፤ ዘመን ሲያስገድድ በጉባኤ ሊያሻሽሉትም ይችላሉ። ሦስተኛው ልማድ ነው፤ ከአገሩ ባህል የተወለደ፣ መልካም ቢሆንም ለመዳን ግዴታ ያልሆነ።

አፄ ገላውዴዎስ ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቁ ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት የኢትዮጵያን ክርስትና «ወደ አይሁድ ሥርዓት ያዘነበለ ነው» ብለው ሲከሱ፣ ንጉሡ በ1555 እ.ኤ.አ. የሃይማኖት ምስክርነታቸውን ጻፉ። መገረዛችን እንደ አገር ልማድ እንጂ እንደ ኦሪት ሕግ አይደለም አሉ፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን ከመብጣት፣ በህንድ ጆሮን ከመብሳት ጋር አመሳሰሉት። የእሪያ ሥጋ የማንበላውም ኦሪትን ለመጠበቅ ብለን አይደለም፤ የሚበላውን አንኮንንም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ሲሉ አስረዱ። ከግራኝ አህመድ ጦርነት ገና ያላገገመች፣ ቤተ ክርስቲያኖቿ የተቃጠሉባት አገር ንጉሥ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ሃይማኖትንና ልማድን እንዲህ ለይተው መጻፋቸው ሁሌም ያስደንቀኛል።

የሰንበት ነገርም እንዲሁ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር በማለታቸው ተገፍተው በ1352 እ.ኤ.አ. በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ከማኅበረ ምእመናን ተለይተው ቆዩ። በ1450 እ.ኤ.አ. አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። መቶ ዓመት ያህል ያለያየ ጉዳይ በጉባኤ እልባት አገኘ። ነገር ግን ነቢዩ አሞጽ አንድ የማይረሳ ነገር አስተምሮናል፤ ሰንበት እስኪያልፍ የሚቸኩሉትን፣ ሲያልፍላቸውም መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ገንዘቡን አብልጠው፣ በሐሰተኛ ሚዛን የሚሸጡትን ነጋዴዎች እግዚአብሔር ሥራቸውን ፈጽሞ እንደማይረሳ ተናግሯል። ሰንበትን አክብሮ ሰኞ በሐሰተኛ ሚዛን መሸጥ በነቢዩ ዘንድ ሰንበትን ማክበር አልነበረም።

ሠለስቱ ምዕት የጻፉት ሌላው ነገር

በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት መሠረቱ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች (ሠለስቱ ምዕት) ያወጡት የሃይማኖት ቃል ነው። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ሲል እነርሱ ከአብ ጋር የተካከለ፣ ከባሕርዩ የተወለደ መሆኑን መሰከሩ። ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጋር በዲያቆንነት የሄደው አትናቴዎስ በኋላ ራሱ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለውን ፍሬምናጦስን ሾመልን። ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ደግሞ ከአርዮሳውያን ወገን ነበርና ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ ንጉሠ ነገሥቱ በሾመው ጳጳስ ይመርመር የሚል ነበር። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ ስላስገባው እስከ ዛሬ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ትምህርት ጸናች። ስለ እውነተኛ ትምህርት ዋጋ ሲነገር እኛም በታሪኩ ውስጥ አለንበት።

ስለ ኒቅያ ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። እነዚያው አባቶች ግን ከሃይማኖቱ ቃል ጋር ሃያ ቀኖናዎችንም አውጥተዋል። ከሃያው አሥራ ሰባተኛው ስለ ወለድ ይናገራል። ገንዘቡን በወለድ የሚያበድር፣ በየወሩ ከመቶ አንድ የሚቀበል፣ ወይም ሌላ ዘዴ ፈጥሮ ትርፍ የሚያገኝ ካህን ከሹመቱ ይሻር ይላል፤ ለዚህም ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ሰው የሚያመሰግነውን መዝሙር ያስታውሳል። ስለ ወልድ ክብር የተጨነቁት አባቶች ከዚያው ጉባኤ ሳይነሱ ስለ ተበዳሪው ተጨነቁ። ቅዱስ ባስልዮስም በዚያው መዝሙር ላይ በሰጠው ስብከት የቸገረውን ሰው በብድር የሚያጠምደውን ባለጸጋ ሁሉ ይገሥጻል። እኔ የሁለቱን ጉዳይ መገናኘት እንደ አጋጣሚ አላየውም። እግዚአብሔር ሰው ሆነ ብሎ የሚያምን ሰው የሰውን ችግር የንግድ ዕድል ማድረግ አይችልምና።

ፍትሐ ነገሥት ሁለት ክንፍ አለው

ፍትሐ ነገሥትን ትውፊታችን ለሠለስቱ ምዕት ይሰጠዋል። የታሪክ ሰዎች ደግሞ የግብጹ ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ከቀደሙት ቀኖናዎች አሰባስቦ እንዳዘጋጀው፣ ወደ ግእዝ የተመለሰውም በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይናገራሉ። መጽሐፉ 51 አንቀጾች አሉት። እስከ 22ኛው ድረስ ያሉት ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጳጳሳትና ካህናት፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ምጽዋት ናቸው። ከ23ኛው ጀምሮ ያሉት 29 አንቀጾች ደግሞ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሽያጭና ግዢ፣ ስለ አደራ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ዳኛና ስለ ንጉሥ ናቸው። የነገሥታቱ ችሎት ለረጅም ዘመን በዚህ መጽሐፍ ዳኝቷል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መግቢያም ስሙን በክብር ያነሳዋል።

መጽሐፉ የዘመኑ ሰው ሥራ ነውና በዛሬው ዓይን የማንቀበላቸው ድንጋጌዎች፣ ለምሳሌ የባርያ ሕግ፣ አሉበት። ቀኖና በጉባኤ ይታያል ያልኩትም ስለዚህ ነው። መንፈሱ ግን አይሻርም። ስለ ጾም ሲናገር ሰው ሕግ በወሰነው ጊዜ ከምግብ መከልከሉን ይገልጽና ወዲያው ዓላማውን ይነግረናል፤ ኃጢአት እንዲሰረይ፣ ዋጋ እንዲበዛ፣ የሥጋ ፍትወት እንዲደክም፣ ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትታዘዝ ነው። እንግዲህ ሥጋዬን ከሥጋ ከልክዬ እጄን ከሰው ገንዘብ ካልከለከልኩ፣ ሥጋዬ ለነፍሴ ታዛለች ማለት እችላለሁ? በወለድ ማበደርንም ያው መጽሐፍ ይነቅፋል። ሰው ግማሹን ሕግ ጠብቆ ግማሹን ሲጥል የጾመው ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም የሚጠነክር ቃል በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ በዲድስቅልያ አለ። መጽሐፉ ጳጳሳት ከእነማን መባ እንዳይቀበሉ ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ አራጣ አበዳሪ አለ፤ በሐሰተኛ ሚዛንና መስፈሪያ የሚሸጥ አለ፤ ወይኑን በውኃ የሚቀላቅል ነጋዴም አለ። መበለቶችና ድሆች በእንዲህ ያለ ገንዘብ ከሚመገቡ በረሃብ ቢሞቱ ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። ወይኑን በውኃ ስለሚያቀጥነው ነጋዴ ሲነበብ መርካቶ ያደገ ሰው ጆሮውን ሊደፍን አይችልም። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ተገኘ የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

በእኛ ሠፈር

ሲኒማ ራስ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ፊልሙና የታክሲው ተራ ይሆናል። እኔ የምሰማው ግን ሁለት ድምፅ ነው፤ በአንድ በኩል የቅዱስ ራጉኤል ቅዳሴ፣ በሌላው በኩል የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የእኔም የሱቅ ጎረቤት ሙስሊም ነው። አንድ ቀን ስለ ሚዛን ስናወራ የቁርኣን 83ኛው ሱራ በስፍርና በሚዛን ለሚያጎድሉ ሰዎች በሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እንደሚጀምር፣ ስያሜውም ከእነርሱ እንደተወሰደ ነገረኝ። እኔም የኦሪት ዘዳግምን ነገርኩት፤ በከረጢትህ ትልቅና ትንሽ ሚዛን አይኑር የሚለውን። ከገበሬው ሲገዙ አንድ ሚዛን፣ ለከተሜው ሲሸጡ ሌላ ሚዛን የሚያወጡ ሰዎችን ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም በየራሳችን ቤት ሕጉ እንዳለ ካረጋገጥን በኋላ ለማመካኛ የቀረልን ነገር አልነበረም።

የአራጣውን ነገር በቅርብ አይቼዋለሁ። ከእኛ ረድፍ አንድ ወጣት ዕቃ ለመሙላት ገንዘብ ተበደረ። በወር ከመቶ አሥር ነው፤ ለዋስትናም ባዶ ቼክ ፈርሞ ሰጠ። ዕቃው በወቅቱ አልደረሰም፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። ወለዱ ዋናውን አለፈ፤ ሱቁ ተዘጋ፤ ልጁ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። አበዳሪውን አልጠራውም፤ ሰው ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ግን ጾም አይፈታም፤ በዓመት በዓል ለደብሩ ጥላና ምንጣፍ ያስገባል፤ በማኅበሩ ጽዋ ሲወጣ የመጀመሪያ ረድፍ ይቀመጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አራጣን ያስቀጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ገድቧል። እኔን ግን ከመንግሥት ሕግ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰውየው ሃይማኖቱን እንደጣሰ አለማወቁ ነው። ማን ነግሮት ያውቃል? ስለ ዕንቁላል የነገረው አለ፤ ስለ ባዶ ቼክ የነገረው የለም።

የባንክ ወለድ ከዚህ ጋር እንዴት ይታያል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንቱ በጉባኤ ቢያብራሩት ብዙዎቻችንን ይጠቅሙናል። የቸገረውን ሰው አንቆ መያዝ ግን ጉባኤ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም፤ ከተወሰነ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል።

ከዚያው ከመርካቶ መልካሙንም እመሰክራለሁ። ዕቁብ አለን። ሳምንት ሳምንት የምንጥለው ገንዘብ በየተራ ለባለ ዕጣው ያለ ወለድ ይደርሰዋል፤ ልጅ ለመዳርም፣ ዕቃ ለማስገባትም፣ ለታመመም ደርሷል። ዳኛውና ጸሐፊው ሃይማኖት አይለዩም፤ ሰብሳቢያችን ሙስሊም፣ ገንዘብ ያዣችን ክርስቲያን የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለ ዕጣው ተራውን ለባሰበት ጓደኛው ሲለቅለት አይቻለሁ። ሕጉ በመጽሐፍ ከመጻፉ በፊት በልብ እንዴት እንደሚጻፍ ያየሁት እዚያ ነው።

ያንን ሳትተዉ ይህን

ጌታችን በወንጌል ጻፎችንና ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ በአጋጣሚ የእኔን ሸቀጥ ጠርቷል። ከአዝሙድ፣ ከእንስላልና ከከሙን አሥራት ያወጣሉ፤ በሕጉ ውስጥ የሚከብደውን ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ግን ትተዋል አላቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያ የአዝሙዱ አሥራት ምን ያደርጋል፣ ጾሙም ሥርዓቱም ይቅር» ይላል። እርሱ ግን እንዲህ አላለም። ያንን ሳይተዉ ይህንንም ሊያደርጉ ይገባ ነበር አለ። ትምህርቱ እንዲህ ነው፤ ትንሹን ሕግ አትናቅ፣ ትልቁንም አትርሳ። ዛሬ በአንድ ወገን ጾሙን የሰው ሥርዓት ነው ብለው የሚጥሉ አሉ፤ በሌላ ወገን ጾሙን ይዘው ፍርድንና ምሕረትን የሚጥሉ አሉ። ሁለቱም ከቃሉ ግማሹን ነው የሰሙት።

ስለዚህ ለካህናት አባቶቼ አንድ ልመና አለኝ። የንስሐ ልጃችሁ ነጋዴ ከሆነ ስለ ጾሙ ስትጠይቁት ስለ ሚዛኑም ጠይቁት። ስንት አበድረሃል፣ በምን ውል፣ ለሠራተኛህ ደመወዝ በጊዜው ትከፍላለህ ወይ በሉት። ከቀማው ገንዘብ ያመጣውን ጥላና ምንጣፍ ስትቀበሉ ዲድስቅልያን አስቡት። ለሰባክያን ወንድሞቼም እንዲሁ፤ በሑዳዴ ስምንት ሳምንታት ውስጥ አንዱን እሑድ እንኳ ለገበያው ሕግ ስጡልን። በታላቅ ገበያ አጠገብ ያለ ደብር ይህን ትምህርት ከሁሉ በፊት ሊያስተምር ይገባዋል።

ለእኔ ቢጤ ነጋዴ ደግሞ የምለው አጭር ነው። ዘኬዎስ ቀራጭ ነበር፤ ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፤ የበደለውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐው እንባ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብም ነበረው። ከሰው የወሰድነው ካለ እንመልስ፤ ባለቤቱን ካጣነው ለድሀ እንስጠው። ሚዛናችንን ከጾሙ ዋዜማ ጀምረን እናስተካክል፤ ከፋሲካም በኋላ አይፈታ። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ የሚዛኑ ሕግ ግን ፍስክ የለውም።